ስሙን የሸጠው ጊታር ሠሪ

ደመወዙ ትንሽ የሆነ ወጣት አንድ ዕቃ ለመግዛት ወደ ሱቅ በገባ ጊዜ ሁለት ዓይነት ምክር ያጋጥመዋል። አንደኛው ርካሽ ዕቃ ሁሉ የማይረባ ስለሆነ ገንዘብ እስኪጠራቀም ድረስ ከመግዛት መቅረት ይሻላል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ በዕቃው ላይ የታወቀ ስም እስካለ ድረስ ዐይንን ጨፍኖ መግዛት ይቻላል የሚል ነው። ሁለቱም ለጆሮ ይጥማሉ፤ የሚጥሙበትም ምክንያት ገዢውን ዕቃውን ከመመርመር ድካም ስለሚያሳርፉት ነው። ነገር ግን ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ በእነዚህ ምክሮች የተመራ ሰው ወይ ደኅናውን ዕቃ ንቆ ያልፋል፣ ወይም ለስም ብቻ ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ይመለሳል።

ይህን ነገር ለመመርመር የኤሌክትሪክ ጊታር ጥሩ ምሳሌ ይሆነናል። ብዙ ተማሪዎችና ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሚመኙት መሣሪያ ነው፤ ዋጋውም እንደ ዓይነቱ እጅግ ይለያያል፤ በመልክ ግን ርካሹና ውዱ መንታ ወንድማማቾች ይመስላሉ። ስለዚህ ርካሹን ጊታር በምን እንመዝነው ለሚለው ጥያቄ መልስ እንዲሆን፣ ከሞተ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነውን የአሜሪካዊውን የሊዮ ፌንደርን ታሪክ ባጭሩ እናቀርባለን። ይህ ሰው የኤሌክትሪክ ጊታርን በቀላል ዋጋ በብዛት ለመሥራት የሚቻልበትን መንገድ የቀየሰ፣ በኋላም ስሙን ሸጦ ያለ ስሙ ሲሠራ የኖረ ነው። ስለሆነም ስለ ዋጋም ሆነ ስለ ስም ከሕይወቱ የምንማረው አለ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

ክላረንስ ሊዮናይደስ ፌንደር ኦገስት 10 ቀን 1909 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች አካባቢ፣ ወላጆቹ ብርቱካን በሚያለሙበት እርሻ ላይ ተወለደ። ገና በ8 ዓመቱ በግራ ዐይኑ ላይ ዕጢ ስለ ወጣበት ዐይኑ ወጥቶ በመስተዋት ዐይን ተተካ። 13 ዓመት ሲሆነው በሳንታ ማሪያ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሱቅ የነበረው አጎቱ አሮጌ የመኪና ራዲዮ ክፍሎችና ባትሪ የሞላበት ሣጥን ላከለት። በሚቀጥለው ዓመት ሊጠይቀው በሄደ ጊዜ፣ አጎቱ ከትርፍራፊ ዕቃ የሠራው ራዲዮ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሞ በታላቅ ድምፅ ሙዚቃ ሲያሰማ አገኘው። ያ ድምፅ ከልጁ ልብ ሳይወጣ ቀረ።

ይሁን እንጂ ሊዮ ኤሌክትሪክን በትምህርት ቤት አልተማረም። በ1928 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ከጨረሰ በኋላ ኮሌጅ ገብቶ ያጠናው የሒሳብ አያያዝ ነበር፤ ራዲዮ መጠገንን የተማረው በትርፍ ጊዜው፣ በገዛ እጁ እየፈታና እየገጠመ ነው። መጀመሪያ በአንድ የበረዶ ኩባንያ በዕቃ አመላላሽነት፣ ቀጥሎም በሒሳብ ያዥነት ተቀጠረ። በ1934 ዓ.ም. አስቴር ክሎስኪ የምትባለውን ወጣት አገባ። ከዚያም በካሊፎርኒያ የመንገድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሆነ። ነገር ግን ዘመኑ በአሜሪካ ብርቱ የኢኮኖሚ ድቀት የደረሰበት ስለ ነበር ይህን ሥራውን አጣ፤ ከዚያ በኋላ በአንድ የጎማ ኩባንያ ያገኘውን ሥራም ብዙ ሳይቆይ አጣ። ሁለት ጊዜ ከወንበሩ የተነሣ የሒሳብ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ሊዮ በ1938 ዓ.ም. 600 ዶላር ተበድሮ ወደ ፉለርተን ተመለሰና የራዲዮ መጠገኛ ሱቅ ከፈተ።

ይህች ሱቅ ለእርሱ ዩኒቨርሲቲ ሆነችለት ብንል አልተሳሳትንም። ዕቃ የሚሠራ ሰው ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ አምሮና ተወልውሎ ያየዋል፤ ዕቃ የሚጠግን ሰው ግን የሚያገኘው ተሰብሮ፣ ተቃጥሎና አቧራ ጠጥቶ ነው። በዚህም ምክንያት ጠጋኙ ሠሪው የማያውቀውን ነገር ያውቃል፤ ይኸውም ዕቃው የሚደክመው የት ላይ እንደሆነ፣ የትኛውስ ክፍል ቢረክስ ጉዳት እንደሌለው፣ የትኛው ቢረክስ ግን ሁሉን እንደሚያበላሽ ነው። ወደ ሊዮ ሱቅ ሙዚቀኞች ድምፅ ማጉያቸውንና ጊታራቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። እርሱም እየጠገነ የሁሉንም በሽታ አጠና። የሒሳብ ትምህርቱ እያንዳንዱ ክፍል ስንት እንደሚያወጣ አስተማረው፤ የጥገና ሥራው ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ምን እንደሚጠቅም አስተማረው። ኋላ የሠራው ሥራ ሁሉ ከነዚህ ከሁለቱ ዕውቀቶች ጋብቻ የተወለደ ነው።

እዚህ ላይ የኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት እንደሚሠራ ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። በክራራችን ላይ የክሩን ድምፅ የሚያጎላው ከታች ያለው ቆዳ የለበሰው ሣጥን ነው፤ በተራው ጊታርም እንዲሁ ባዶ የሆነው የእንጨት ሣጥን ነው። ስለዚህ የሣጥኑ አሠራር ከተበላሸ ድምፁም አብሮ ይበላሻል። በኤሌክትሪክ ጊታር ግን ከብረት ክሮቹ ሥር ማግኔትና በማግኔቱ ላይ ብዙ ሺህ ጊዜ የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ አለ፤ ይህም ፒክአፕ ይባላል። የብረቱ ክር ሲርገበገብ በሽቦው ውስጥ ደካማ የኤሌክትሪክ ኃይል ይፈጠራል፤ ይኸው ኃይል በገመድ ወደ ማጉያው ሄዶ ድምፅ ይሆናል። ባዶ ሣጥን ያለው ጊታር በማጉያ ሲጫወቱበት ሣጥኑ ከማጉያው የሚመለሰውን ድምፅ ተቀብሎ እንደገና ስለሚርገበገብ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ያመጣል። ሣጥኑ ቢቀርና በምትኩ ደፍን እንጨት ቢገባ ግን ጩኸቱ እጅግ ይቀንሳል።

ይህ ሐሳብ ከሊዮ በፊት በሌሎችም ሰዎች የተሞከረ ስለሆነ የኤሌክትሪክ ጊታርን የፈጠረው እርሱ ነው ብለን አንዋሽም። በ1943 ዓ.ም. ግን እርሱና ዶክ ካውፍማን የሚባለው ባልደረባው አንድ አዲስ ፒክአፕ ለመፈተን ሲሉ ከደፍን እንጨት እንደ ነገሩ የሆነ ጊታር ሠሩ። ለመልኩ ማንም ያልተጨነቀለት ይህ መሣሪያ ድምፁ ጥሩ ስለ ሆነ የአካባቢው ሙዚቀኞች እየተቀባበሉ ይከራዩት ጀመር። ሁለቱ ሰዎች ማጉያና በጭን ላይ ተጋድሞ የሚመታውን የሐዋይ ጊታር ሠርተው መሸጥ ጀመሩ። በ1946 ዓ.ም. ግን ካውፍማን ከሽርክናው ስለ ወጣ ሊዮ ብቻውን ኩባንያ አቋቋመ። በ1948 ዓ.ም. ጆርጅ ፉለርተን የሚባል ወጣት አብሮት ገባ፤ የሽያጩን ሥራ ደግሞ ዶን ራንዳል ያዘ።

በ1950 ዓ.ም. ከዚህ ፋብሪካ የወጣው ጊታር አናጢዎችን የሚያስቅ ነበር። ገላው ከደፍን እንጨት በመኪና ተቆርጦ የወጣ ጠፍጣፋ ጣውላ ነው። አንገቱም እንደ ጥንቱ ወግ በሙጫ የተጣበቀ ሳይሆን በአራት ብሎን የታሰረ ነው። የኤሌክትሪክ ክፍሎቹ በካቻቢቴ ተፈትተው የሚወጡ ናቸው። አንገቱ ቢጎብጥ ወይም በላዩ የተተከሉት ፍሬት የሚባሉት የብረት ዘንጎች ቢበሉ፣ የመኪና ጎማ እንደሚለወጥ ሁሉ በሌላ አንገት ሊለወጥ ይችላል። የሌሎች ፋብሪካ ሰዎች ጊታሩን ከጀልባ መቅዘፊያና ከበረዶ መዛቂያ አካፋ ጋር እያመሳሰሉ ቀልደውበታል ይባላል። እነርሱ የጊታርን ክብር የሚያዩት በጠራቢው ጥበብ፣ በተጠረበው ደረቱና በሚያብረቀርቀው ቨርኒሹ ነበር። ሊዮ ግን ክፍሎቹን አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ለድምፅና ለእጅ የማይጠቅመውን አስቀረ፤ የሚጠቅመውን ግን አጠነከረ።

ነገር ግን ሊዮ ራሱ ቁጠባን ያለ ቦታው ያደረገበት ጊዜ እንደ ነበረ መሸሸግ አይገባም። በጊታር ላይ የተወጠሩት ስድስቱ ክሮች አንገቱን በብርቱ ኃይል ይስቡታል። ሌሎች ፋብሪካዎች ይህን ለመቋቋም በአንገቱ ውስጥ በብሎን የሚስተካከል የብረት ዘንግ ይከቱ ነበር። ሊዮ ግን የመረጠው ሜፕል የተባለው እንጨት ጠንካራ ስለ ሆነ ዘንግ አያስፈልገውም ብሎ አሰበ፤ ራንዳል ቢከራከረውም የመጀመሪያዎቹ ጊታሮች ያለ ዘንግ ወጡ። ብዙ ሳይቆይም አንገታቸው የጎበጠ ጊታሮች ወደ ፋብሪካው ይመለሱ ጀመር። ሊዮ ከዚህ በኋላ ክርክሩን ትቶ ዘንጉን አስገባ። ከዚህ የምንረዳው ጣውላውን ጠፍጣፋ ማድረግ በቦታው የተደረገ ቁጠባ ሲሆን ዘንጉን ማስቀረት ግን ያለ ቦታው የተደረገ ቁጠባ መሆኑን ነው። ርካሽ ጊታርን በሚመለከት ጉዳይ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፤ ገንዘቡ የተቆጠበው የት ላይ ነው?

ይህ ጊታር መጀመሪያ ኤስኳየር፣ ሁለት ፒክአፕ ሲኖረው ደግሞ ብሮድካስተር ተባለ። ሌላ የሙዚቃ መሣሪያ ኩባንያ ስሙ የከበሮዬ ስም ነው ብሎ ስለ ተቃወመ በ1951 ዓ.ም. ቴሌካስተር ተብሎ ተሰየመ። በመካከሉ ለጥቂት ጊዜ የሊዮ ሠራተኞች የጊታሩን ስም ከሚለጠፈው ወረቀት ላይ በመቀስ እየቆረጡ፣ ጊታሩን ያለ መጠሪያ ይሸጡት ነበር። ስም የሌለው ጊታር ከስመ ጥሩው ጋር አንድ ዓይነት ድምፅ እንደ ሰጠ ማስተዋል ይገባል። በዚያው ዓመት በተራ ጊታር አኳኋን የሚያዝ፣ ፍሬት ያለው የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር አወጣ፤ በዚህም ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ትልቁን ቤዝ ተሸክሞ መጓዝ ለሰለቸው ሙዚቀኛ ታላቅ ዕረፍት ሆነለት።

የሚያስደንቀው ነገር ሊዮ ፌንደር ጊታር መጫወት አለመቻሉ ነው። በልጅነቱ ፒያኖና ሳክስፎን ሞክሯል፤ ጊታር ግን አልተማረም። ምናልባት የጠቀመው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ምክንያቱም የራሱን ጣት ሊያምን ስለማይችል የሌሎችን ቅሬታ ለማድመጥ ተገደደ። የሠራውን ጊታር ሁሉ በየምሽቱ ዳንስ ቤት ለሚጫወቱ ሙዚቀኞች እየሰጠ ጉድለቱን እንዲነግሩት ያደርግ ነበር። አንደኛው የጊታሩ ጠርዝ የጎድን አጥንቱን እንደሚወጋው ነገረው፤ ሊዮ ጠርዙን አሞልሙሎ ከሰው አካል ጋር እንዲስማማ አደረገው። ሌላው ደግሞ በቴሌካስተር ላይ ሁለት ሁለት ክሮች በአንድ የብረት ማረፊያ ላይ ስለሚያርፉ ቅኝቱ ፍጹም ሊሆን አለመቻሉን አመለከተ፤ ሊዮ ለስድስቱም ክሮች ለየብቻ የሚስተካከል ማረፊያ ሠራ። ከነዚህ ቅሬታዎች የተወለደው ስትራቶካስተር የተባለው ጊታር በ1954 ዓ.ም. ወጣ። ዋጋውም ክሮቹን የሚያርገበግበው ዘንግ ጭምር 249 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር።

ይህ ዋጋ በዚያ ዘመን ለተማሪ የሚቀመስ አልነበረም። ስለዚህ በ1956 ዓ.ም. ሙዚክማስተርና ዱዎ ሶኒክ የሚባሉ፣ መጠናቸው ያነሰ፣ ዋጋቸውም የቀለለ የተማሪ ጊታሮች ወጡ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ ሙስታንግ ተከተለ። እነዚህ ጊታሮች ከታላላቆቹ የሚለዩት በክራቸው ርዝመት፣ በፒክአፖቻቸውና በጌጣቸው ነው። የአሠራራቸው መሠረት ግን ያው ነበር፤ አንገታቸው በብሎን የታሰረ፣ በውስጡም የብረት ዘንግ ያለበት ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ1991 ዓ.ም.፣ ከርት ኮቤይን የተባለው ሙዚቀኛ በዓለም ሁሉ በታወቀው የሙዚቃ ፊልሙ ላይ የያዘው ጊታር ለጀማሪ ተማሪ ተብሎ የተሠራውን ሙስታንግን ነው። ለተማሪ የተሠራ ዕቃ መሠረቱ ከተጠበቀ ለጌታም እንደሚበቃ ይህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ከ1950 ዎቹ ጀምሮ ሊዮን አንድ የማይለቅ የጉሮሮና የሳይነስ ሕመም ያሠቃየው ነበር። ዕድሜዬ አጭር ነው ብሎ ስላመነም ኩባንያውን ለመሸጥ ቆረጠ። በጃንዋሪ 1965 ዓ.ም. ሲ.ቢ.ኤስ. የተባለው ታላቅ የራዲዮና የቴሌቪዥን ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። ከሕንፃውና ከመኪናው ጋር ፌንደር የሚለው ስም አብሮ ተሸጠ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ሌላ ሐኪም አገኘና ከሕመሙ ዳነ። እሞታለሁ ብሎ ስሙን የሸጠው ሰው እነሆ ጤነኛ ሆኖ፣ ስሙ ግን በሌላ እጅ ገብቶ ቀረ።

አዲሶቹ ባለቤቶች ጊታሩን በብዛት ለማምረት ፈለጉ፤ በብዛቱም ተሳካላቸው። ሆኖም በ1970 ዎቹ ከወጡት ጊታሮች መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈ፣ አሠራራቸውም የተዝረከረከ ብዙ እንደ ነበሩ ሙዚቀኞች በሰፊው አማረሩ። ከሁሉ በላይ የተወቀሰው የስትራቶካስተር አንገት ከአራት ብሎን ወደ ሦስት ብሎን መቀነሱ ነው። ነገር ግን አንገቱን በብሎን አዘንብሎ ለማስተካከል የሚያስችለው ይህ ባለ ሦስት ብሎን አሠራር የሊዮ የራሱ ሐሳብ ነበር፤ ኋላም በሌሎች ጊታሮቹ ላይ ተጠቅሞበታል። ጥፋቱ ከብሎኑ ቁጥር አልነበረም፤ አንገቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ስፍራ ልክ ሳይጠበቅ ሰፍቶ መቆረጡ ነው። በዚያው አሠራር በጥንቃቄ ከተሠራ ጽኑ ጊታር ይወጣል፤ በግዴለሽነት ከተሠራ የሚወዛወዝ ጊታር ይወጣል።

በሌላው ወገን ደግሞ ከ1965 ዓ.ም. ወዲህ የተሠራ የፌንደር ጊታር ሁሉ መጥፎ ነው የሚሉ ሰዎች ተነሡ። ይህም ቢሆን ምርመራን የሚተካ ሌላ የስንፍና ምክር ነው። ጂሚ ሄንድሪክስ በ1969 ዓ.ም. በዉድስቶክ የሙዚቃ ትርዒት ላይ የተጫወተበት ነጭ ስትራቶካስተር በ1968 ዓ.ም. በእነዚሁ በሚወቀሱት ባለቤቶች ዘመን የተሠራ ነበር። እንግዲህ ዓመቱም እንደ ስሙ በራሱ ብቻ ዳኛ ሊሆን አይችልም ማለት ነው።

ሊዮ የተዋዋለው ጊዜ ሲያልፍ ሥራ ፈትቶ መቀመጥን አልወደደም። የቀድሞ ባልደረቦቹ ሙዚክ ማን የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ነበርና በ1975 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ስቲንግሬይ የተባለው ታዋቂ ቤዝ ወጣ። በ1979 ዓ.ም. ባለቤቱ አስቴር በካንሰር ሞተች፤ በ1980 ዓ.ም. ፊሊስ የምትባል ሴት አገባ። በዚሁ ጊዜ ገደማ ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ሆኖ በሁለቱ ስም የመጀመሪያ ፊደሎች የተሰየመውን ጂ ኤንድ ኤል የተባለ ፋብሪካ በዚያው በፉለርተን ከተማ ከፈተ።

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሊዮ ፌንደር ስም ግን ባለቤቱ በሕይወት ሳለ ከእርሱ ተለይቶ መዋል ጀመረ። በዚያ ዘመን ወደ ሱቅ የገባ ወጣት ሁለት ጊታር ጎን ለጎን ሊያይ ይችል ነበር። በአንደኛው ራስ ላይ ፌንደር የሚለው ስም በትልቁ ተጽፏል፤ ፌንደር የተባለው ሰው ግን አልነካውም። በሁለተኛው ላይ ስሙ የለም፤ ነገር ግን ሰውየው ራሱ በጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ ያሰበው ነው። ስምን ብቻ የሚገዛ ሰው የትኛውን ይዞ እንደሚሄድ ግልጽ ነው። ከዕቃው ላይ ስሙን በእጃችን ሸፍነን መመርመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

በ1970 ዎቹ የጃፓን ፋብሪካዎች የአሜሪካን ጊታሮች እየመሰሉ በዝቅተኛ ዋጋ ይሠሩ ነበር፤ ሥራቸውም እያደር እጅግ እየተሻሻለ ሄደ። በመጨረሻ የፌንደር ኩባንያ ይህን ውድድር በወቀሳ ብቻ ሊመልሰው ስላልቻለ በ1982 ዓ.ም. ራሱ በጃፓን ጊታር ማሠራት ጀመረ። ለርካሾቹ ጊታሮችም ስኳየር የሚል ስም ሰጣቸው፤ ይህም ቀድሞ በገዛው አንድ የክር ፋብሪካ ስም ነው። ከነዚህ የጃፓን ጊታሮች የመጀመሪያዎቹ በዚያው ዘመን አሜሪካ ውስጥ ከሚሠሩት አያንሱም ያሉ ሙዚቀኞች ብዙዎች ናቸው። በ1985 ዓ.ም. ሲ.ቢ.ኤስ. ኩባንያውን በ12 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ለራሱ ለኩባንያው ኃላፊዎችና ሠራተኞች ሸጠው። በሃያ ዓመት ውስጥ የገንዘብ ዋጋ ምን ያህል እንደ ወረደ ለሚያስብ ሰው፣ በ13 ሚሊዮን የተገዛው ኩባንያ እንደ ረከሰ ይህ ቁጥር ይጠቁማል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ያገኘነውን ትምህርት ይዘን ወደ ሱቁ እንመለስ። ርካሽ ጊታር ፊታችን ሲቀርብ በመጀመሪያ የምናየው ቀለሙን ሳይሆን አንገቱን ነው። ጊታሩን አንሥተን፣ አናጢ ጣውላ ቀጥ ማለቱን እንደሚያይ፣ አንድ ዐይናችንን ጨፍነን በአንገቱ ርዝመት እንመልከት። ጥቂት ወደ ፊት መጉበጡ አያስፈራም፤ ሊዮ ተገዶ ያስገባው ዘንግ ያስተካክለዋል። እንደ ገመድ የተጠመዘዘ ከሆነ ግን ዘንጉ አያድነውም፤ መተው ይሻላል። ቀጥሎ አንገቱ ከገላው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ እንመርምር፤ ቀስ ብለን ወደ ጎን ስንገፋው የሚነቃነቅ ከሆነ የ1970 ዎቹ በሽታ አለበት ማለት ነው።

ከዚያም እጃችንን በአንገቱ ዳር ላይ እናሳልፍ። የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ የሚቧጥጥ ከሆነ ይህ በርካሽ ጊታር ላይ የተለመደ ጉድለት ነው፤ ባለሙያ በሞረድ በጥቂት ጊዜ ያስተካክለዋል። እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ ላይ እየተጫንን እንምታ። በየቦታው የሚንጫረር ከሆነ ብዙ ጊዜ ክሩ በጣም ዝቅ ብሎ ነውና ይስተካከላል፤ በአንድ ቦታ ብቻ ድምፁ የሚሞት ከሆነ ግን አንዱ ፍሬት ከሌሎቹ ከፍ ብሏል ማለት ስለሆነ የማስተካከያውን ዋጋ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ቅኝቱንም መፈተን ያስፈልጋል። በስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር የክሩ ርዝመት 25 ኢንች ተኩል ሲሆን 12ኛው ፍሬት የሚገኘው በግማሹ ላይ ነው። ስለዚህ አንድን ክር ባዶውን ስንመታውና በ12ኛው ፍሬት ላይ ተጭነን ስንመታው የሚሰማው ድምፅ አንድ ዓይነት፣ ሁለተኛው ግን በአንድ እርከን፣ ማለት በስምንት ድምፅ፣ ከፍ ያለ መሆን አለበት። ካልሆነ የክሩን ማረፊያ በካቻቢቴ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማስኬድ ይበቃል። ማረፊያው መጨረሻው ደርሶ አሁንም የማይስማማ ከሆነ ግን ጥፋቱ ከፋብሪካው ነው፤ ያን ጊታር ለሻጩ መመለስ ነው። መቃኛዎቹንም ደጋግሞ አዙሮ፣ ጥቂት ተጫውቶ፣ ቅኝቱ መቆየቱን ማየት ይገባል።

በመጨረሻ ገመዱን ሰክተን እንስማ። ቁልፉ ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ ብዙ ጊዜ አቧራ ነው፤ ገመዱ የሚሰካበት ቦታ ከላላ በቀላሉ ይጠብቃል። ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ የሚያሰማው ዝቅተኛ የንብ ድምፅ የሚመስል እምምታ ግን የርካሽነት ምልክት አይደለም፤ በውዶቹም ላይ ያለ የአሠራሩ ጠባይ ነው። ፒክአፕ፣ መቃኛና ቁልፍ ሁሉ ሊለወጡ ይችላሉ፤ ሊዮ ጊታሩን በብሎን ያሰረው ለዚህ ነውና። ያለንን ገንዘብ ሁሉ ለጊታሩ ብቻ መስጠትም ጥበብ አይደለም። ለማጉያ፣ ለአዲስ ክርና ለባለሙያ ማስተካከያ የሚሆን ጥቂት ማስቀረት ያስፈልጋል፤ ደኅና ሆኖ የተስተካከለ ርካሽ ጊታር ካልተስተካከለው ውድ ጊታር የበለጠ ለተማሪ እጅ ይመቻል።

ስለዚህ ርካሽ ማለትና የረከሰ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እናምናለን። ርካሽ ዕቃ ሠሪው ለማን እንደሚሠራ አስቦ የማያስፈልገውን ያስቀረበት ዕቃ ነው፤ የረከሰ ዕቃ ሠሪው ማንም አያየውም ብሎ የሚያስፈልገውን የሰረቀበት ዕቃ ነው። ይህን የመለየት ችሎታ ከጊታር አልፎ ለጫማም፣ ለቤትም፣ በመሥሪያ ቤት ለምንፈርምበት ግዥም የሚጠቅም ነው።

ሊዮ ፌንደር በሽምግልናው ዘመን ፓርኪንሰን የሚባለው እጅ የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ያዘው። የእጅ ሥራ ለሚወድ ሰው ይህ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። እርሱ ግን ወደ ፋብሪካው መሄዱን አላቋረጠም፤ ከመሞቱ አንድ ቀን አስቀድሞም በሥራ ላይ እንደ ነበረ ይነገርለታል። ማርች 21 ቀን 1991 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ በፉለርተን አረፈ። በመጨረሻ ይሠራበት የነበረው ኩባንያ መጠሪያ ፌንደር አልነበረም።